«ሁሉን እችላለሁ» ወይስ «እኔ ይህ ነኝ»? ሥራ ፈላጊው ራሱን እንዴት ያስታውቅ



ከወጣቶች ጋር ስለ ሥራ ፍለጋ ሲወራ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። «ሲቪዬ ላይ የምችለውን ሁሉ ልደርድር ወይስ ያቺን የማውቃትን አንዷን ብቻ ልጻፍ?» ይላሉ። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሁለት ምክሮች ይጋፋሉ። አንደኛው «ራስህን ሁን፣ ያልሆንከውን አታስመስል፣ የሚፈልግህ ይመጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ጊዜው ከባድ ነው፣ ሁሉን እችላለሁ በል፣ ከገባህ በኋላ ትለምደዋለህ» ይላል። የመጀመሪያውን ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሁለተኛውን ሥራ ፈላጊው ራሱ ለራሱ ይሰጠዋል፤ በተለይ ደጅ መጥናቱ ሲረዝምበት።

ዛሬ ማታ ላስረዳ የምፈልገው ሁለቱም ምክሮች ጎዶሎ መሆናቸውን ነው። «ራስህን ሁን» የሚለው የቀጣሪውን ችግር ይረሳል። «ሁሉን እችላለሁ በል» የሚለው ደግሞ ቀጣሪው ይህን ከመቶ ሰው እንደ ሰማው ይረሳል። የእኔ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሠራነው ሥራ አይለወጥም፤ ለማን ምኑን አስቀድመን እንደምንናገር ግን ይለወጣል፣ መለወጥም አለበት። ታማኝነት ያለው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። ብልኃት ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው።

አንድ የቆየ ማመልከቻ

ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ የሥራ ማመልከቻ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር፤ ከፍሎረንስ ወደ ሚላን ሄዶ ሊሠራ አሰበ። እስከዚያ ድረስ ስሙ የሚጠራው በሥዕል ነው። ሚላንን ይገዛ የነበረው ሉዶቪኮ ስፎርዛ ግን በዚያ ሰሞን ዋና ጉዳዩ ጦርነት ነበር። ሊዮናርዶ ለእሱ ያዘጋጀው ደብዳቤ ረቂቅ እስከ ዛሬ በሚላን ተጠብቆ ይገኛል።

ደብዳቤው አሥር ነጥቦችን በተራ ይዘረዝራል። በቀላሉ የሚጓጓዝ ድልድይ፣ የተከበበን ምሽግ ቦይ ማድረቂያ መንገድ፣ ጠጠር የሚያዘንብ መድፍ፣ ኮሽታ ሳይሰማ የሚቆፈር ዋሻ፣ በጠላት መሐል የሚገባ የተሸፈነ ሠረገላ፣ የባሕር ላይ ውጊያ መሣሪያ፤ ሁሉም የጦር ነገር ነው። ስለ ሰላም ጊዜ የሚናገረው አሥረኛው ላይ ደርሶ ነው፤ ሕንፃ መንደፍና ውኃ ከቦታ ወደ ቦታ መውሰድ እንደሚችል ይገልጻል። የሚታወቅበት ሥዕል ከቅርጻ ቅርጽ ጋር የሚጠቀሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መደምደሚያው ላይ ደግሞ ከተባሉት ነገሮች የማይቻል የሚመስል ካለ በሉዶቪኮ መናፈሻ ወይም እሱ በመረጠው ቦታ ሠርቶ ለማሳየት ዝግጁ መሆኑን በትሕትና ያስታውቃል።

ይህን ሰው ምን እንበለው? «ሁሉን እችላለሁ» ባይ? ወይስ ራሱን የሆነ? ዝርዝሩን ስናየው ሁለቱም ይመስላል። ቀጣሪው ምን እንደ ቸገረው አጥንቶ እሱን አስቀድሟል። ሠዓሊነቱን ግን አልደበቀም። ላቀረበው ነገር ሁሉ «ፈትኑኝ» ብሏል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በሚላን ሊዮናርዶ የፈረመው የመጀመሪያው የታወቀ ውል እ.ኤ.አ. የሚያዝያ 1483 ነው፤ ሥራውም ለአንድ የምእመናን ማኅበር ጸሎት ቤት የሚሆን ሥዕል ነበር። ድልድዩም መድፉም አልነበረም። በሉዶቪኮ ዘንድ መሐንዲስ ተብሎ የተቆጠረው ቆይቶ ነው፤ የጦር መሐንዲስነቱ ጎልቶ የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1502 የጦር አዝማቹ ቼዛሬ ቦርጃ ምሽጎቹን እንዲመረምር በሾመው ጊዜ ነው። በሩን የከፈተለት አስቀድሞ ሠርቶ ያሳየው ነገር ነው፤ ተስፋ የሰጠበት ነገር ጊዜ ጠይቋል። ለሥራ ፈላጊ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት አላውቅም።

ዋጋ የማይጠይቅ ቃል

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ የኖረውም ትውልድ፣ ዛሬ በቴሌግራም ቻናል የሚከታተለውም የማስታወቂያውን ቋንቋ በቃሉ ያውቀዋል። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊ ችሎታ፣ ብዛት፣ ደመወዝ በስምምነት። ከዚያ «በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም፣ መልካም ሥነ ምግባር ያለው»። አመልካቹም ያንኑ ቃል ተውሶ «በቡድን መሥራት እችላለሁ፣ የሥራ ጫና እቋቋማለሁ፣ ታታሪና ታማኝ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ማስታወቂያው ለራሱ ደብዳቤ የጻፈ ያህል ነው።

ይህ ለምን እንደማይሠራ ማይክል ስፔንስ የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል፤ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው። መነሻው ቀላል ነው። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ ከመቅጠሩ በፊት ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ምልክት ይፈልጋል። ምልክት ሊያገለግል የሚችለው ግን ችሎታው ለሌለው ሰው ለማሳየት ከባድ ሲሆን ነው። ሰነፍም ታታሪም እኩል ሊጽፈው የሚችለው ቃል ሁለቱን አይለይም። «ታታሪ ነኝ» ማለት ለማንም ምንም አያስከፍልም፤ ስለዚህ ለቀጣሪው የሚነግረው ነገር የለም።

አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪ መያዝ ግን ያስከፍላል። የመውጫ ፈተና ማለፍም እንዲሁ። ችግሩ ዲግሪው በበዛ ቁጥር እሱም ብቻውን የመለየት ኃይሉ መቀነሱ ነው፤ አንድ መደብ ላይ የሚሰለፉት ሁሉ ዲግሪ አላቸው። ከዚያ ወዲያ የሚለየው ምንድን ነው? የተሠራ ሥራ፤ ቦታው፣ ጊዜው፣ መጠኑና ምስክሩ የሚታወቅ ሥራ።

እዚህ ላይ አንድ ዕንቅፋት አለብን። ስለ ራስ መናገር በአስተዳደጋችን ነውር ነው። ልጅ ሆነን «ሰው ያመስግንህ» ተብለናል። በቃለ መጠይቅ ላይ «እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን» ሲባል ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፍተን የትውልድ ቦታና የተመረቅንበትን ዓመት ተናግረን ዝም የምንለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ያው ባህላችን ፉከራም አለው። ጀግናው በአደባባይ ተነሥቶ የት እንደ ዋለ፣ ምን እንዳደረገ፣ ማንን እንደ ጣለ ይናገራል። ያ ለምን ነውር አልሆነም? ድርጊቱን በስሙ ስለሚጠራና አብረውት የዋሉት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ስለሚሰሙት ነው። ቢዋሽ ያሳፍሩታል። ነውር የሆነው ድርጊት የሌለው ሙገሳ ነው። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ያሳፍራል፤ «ይህን ሠራሁ፣ እገሌን ጠይቁ» ማለት አያሳፍርም።

ሰፊ ሙያ የት ይፈለጋል?

እስካሁን ስለ ማስረጃ አወራሁ። አሁን «አንድ ነገር ይበቃል ወይስ ብዙ?» ወደሚለው እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1776 የኢኮኖሚክስ ሊቁ አዳም ስሚዝ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የስፒል ፋብሪካ አለ። አሥር ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 ያህል ስፒል ሲያወጡ፣ ለብቻው የሚሠራ ሰው ሃያ እንኳ ማውጣት ያቅተዋል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ «አንድ ነገር ላይ አተኩር» ለሚለው ምክርም ሁልጊዜ ይጠቀሳል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው ግን ይረሳል። ስሚዝ እንዲህ ያለው የሥራ ክፍፍል በገበያው ስፋት እንደሚወሰን ይናገራል። በስኮትላንድ ተራራማ አካባቢ ተራርቀው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ገበሬው ለቤቱ ሥጋ አራጅም፣ ዳቦ ጋጋሪም፣ ጠማቂም መሆን ይገደዳል። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ለአንድ ሙያ ብቻ የሚበቃ ገዢ በአካባቢው ስለሌለ ነው።

ይህን ለማየት ስኮትላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። መርካቶ ገበያው ሰፊ ነውና በተራ ተከፍሏል፤ ሸማ ተራ አለ፣ በርበሬ ተራ አለ፣ ምናለሽ ተራ አለ። አንዲት የገጠር ከተማ ውስጥ ያለ ሱቅ ግን ጨው፣ ሻማ፣ እስክሪብቶ፣ ባትሪ ድንጋይና የሕፃን ጫማ በአንድ መደርደሪያ ይይዛል። ሁለቱም ነጋዴዎች ትክክል ናቸው። የገጠሩ ሱቅ ባለቤት በርበሬ ብቻ ልሽጥ ቢል ይከስራል፤ የበርበሬ ተራው ነጋዴ የሕፃን ጫማ ቢያክልበት ደንበኛው ግራ ይጋባል።

በአገራችን ሰፊነት ራሱ ሙያ የሆነበትን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ነበር። ሐኪም በጣም ጥቂት በነበረበት አገር አንድ ጤና ጣቢያ የሚመራ ሰው በሽተኛ ማከም፣ ወረርሽኝ መከላከል፣ የውኃና የንጽሕና ነገር መከታተል፣ ሠራተኛና መዝገብ ማስተዳደር ነበረበት። ጤና መኮንኑ «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ» ተብሎ የሚናቅ አልነበረም። ሥፍራው የሚጠይቀው ስፋት በትምህርት ተደራጅቶ፣ በልምምድ ተፈትኖ፣ ስም ተሰጥቶት ነበር። ስፋት ዋጋ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን ከመክፈቱ በፊት የሚያመለክትበትን ቤት መጠን ይጠይቅ። ሺህ ሠራተኛ ያለው ባንክ ለብድር ክትትል ሰው ሲፈልግ የብድር ክትትል ሰው ነው የሚፈልገው፤ ፎቶ ማንሣትህ ለእሱ ትርፍ ነው። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ያለው አስመጪ ድርጅት ግን ጠዋት ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ከሰዓት ጉምሩክ የሚሄድ፣ ማታ ለደንበኛ ኢሜይል የሚመልስ ሰው ይወዳል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል፤ እውነት ነው። የትኛው ዛፍ ፊት እንደ ቆምን ሳናይ ግን ተረቱ ብቻውን አይመራንም።

የእህል በረንዳ መዝገብ

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንይ። አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ እንዲህ ያሉ ብዙዎች አሉና። አካውንቲንግን የገባችው መርጣው አይደለም። ነጥቧና የቦታው ብዛት ወስኖ መደባት። «ራስሽን ሁኚ» ስትባል «የትኛዋን?» ብትል አይፈረድባትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ የተማሩ ብዙዎች ይህ ጥያቄ ይገባቸዋል። የዲግሪው ስም ሁልጊዜ የሰውየውን ፍላጎት አይነግርም።

ሲቪዋ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «በኤክሴል ጥሩ ችሎታ አለኝ። በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም እሠራለሁ። ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ። ለመማር ዝግጁ ነኝ።» ከመቶ ሲቪ ዘጠናው ላይ ያለ ነው።

ቁጭ ብለን ብንጠይቃት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ክረምት ክረምት አክስቷ እህል በረንዳ ባላቸው መደብር ትውል ነበር። የዱቤ መዝገቡ በሦስት ደብተር ተበታትኖ ስለነበረ ወደ ኤክሴል አዛወረችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ወር በላይ ያልከፈሉትን እየለየች ለአክስቷ ትነግር ነበር፤ ለአንዳንዶቹም ራሷ ትደውል ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤቷ ሒሳብ ያዥ ሆና የጉዞ ገንዘብ ሰብስባ፣ እያንዳንዱን ወጪ በደረሰኝ አወራርዳ አስረክባለች። ለልምምድ በተላከችበት መሥሪያ ቤት የግብር ከፋዮችን ማኅደር ስታስተካክል ሰንብታለች።

ይህች ልጅ ጠባብ ናት ወይስ ሰፊ? ጥያቄው ራሱ ትርጉም ያጣል። ሦስት የተሠሩ ሥራዎች አሏት፤ ሦስቱም ምስክር አላቸው። ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ስታመለክት የዱቤ መዝገቡንና የስልክ ጥሪውን ታስቀድማለች፤ የእነሱ ራስ ምታት ያልተመለሰ ብድር ነውና። ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስታመለክት በደረሰኝ ያወራረደችውን የጉዞ ሒሳብ ታስቀድማለች፤ የለጋሽ ገንዘብ የሚያሳጣው የጠፋ ደረሰኝ ነውና። ለትንሽ አስመጪ ድርጅት ሦስቱንም እኩል ታቀርባለች። በሦስቱም ቦታ አንዲት ቃል አልዋሸችም፤ በሦስቱም ቦታ ደብዳቤዋ የተለየ ነው። እኔ «ራስን መሆን» የምለው ይህን ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት መበተንን አይደለም።

«በኤክሴል ጥሩ ችሎታ» የሚለው ዐረፍተ ነገርም እንዲህ ይሆናል፦ «በሦስት ደብተር የነበረ የዱቤ መዝገብ ወደ ኤክሴል አዛውሬ በየሳምንቱ ያልተከፈለውን እለይ ነበር።» ማንም ጠያቂ ይህን አንብቦ «እንዴት አድርገሽ ለየሽው?» ሳይል አያልፍም። ያኔ ቃለ መጠይቁ በእሷ ሜዳ ላይ ተጀመረ ማለት ነው።

በአንድ ዐረፍተ ነገር መታወስ

የሠሩትን ለይቶ በስሙ መናገር የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በማሳቹሴትስ ግዛት በኒውተን ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር፤ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1973ና በ1974 ነው። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ብቻ ያገኙት ነበር። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቅ ያለ ትውውቅ ነው።

እዚህ ላይ በዘመድ መግባትንና በሰው በኩል ወሬ ማግኘትን እንለይ። የመጀመሪያው አድልዎ ነው፤ ሁለተኛው መረጃ ነው። ታዲያ ያ በዓመት አንዴ ሰርግ ላይ የምታገኘው ሰው መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲፈልግ እንዴት ያስታውስሃል? አሥር ችሎታ አይሸከምልህም። «ያ የዱቤ መዝገብ ያስተካከለው ልጅ» ካለ ግን በቂ ነው። በሲቪህ ሰፊ ልትሆን ትችላለህ፤ በሰው አፍ ግን የምትኖረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር ራስህ ካላዘጋጀኸው «ያ ሥራ የሚፈልገው ልጅ» የሚል ይተካበታል።

ድንበሩ የት ነው?

«ትንሽ ማጋነን ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው የማይመጥን ሆኖ ከተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። «ከገባሁ በኋላ እለምደዋለሁ» ያለ ሰው ያለው ጊዜ ይህ ነው። በሁለት ሳምንት የሚለመድ ነገር አለ፤ ያንን «እማራለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ይቻላል። ሦስት ዓመት የሚጠይቀውን እንዳለህ ካስመሰልህ ግን ወሮቹ የጭንቀት ናቸው፤ ስትወጣም የሚከተልህ ስም አለ።

መደበቅስ? ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ያውቁታል። እዚህ አገር መሐንዲስ ወይም መምህር የነበረ ሰው እዚያ ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለሆቴል ሥራ ሲያመለክት «ከሥራው በላይ ተምሯል፣ አይቆይም» እንዳይሉት ዲግሪውን ከሲቪው ያወጣል። በእኔ እምነት ይህ ውሸት አይደለም፤ ሲቪ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አይደለምና። እዚህ ፎቶ፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት የሚሰፍርበት ሲቪ፣ እዚያ አድልዎን ከሚከለክሉት ሕጎች የተነሣ እነዚህን ሁሉ አይፈልግም። ምን እንደሚተው መምረጥ ይፈቀዳል። የሌለ መጨመር ግን አይፈቀድም። ድንበሩ እዚያ ላይ ነው።

ለቀጣሪዎችም አንድ ቃል

ሥራ ፈላጊውን ብቻ መምከር ፍርደ ገምድልነት ነው። «ሁሉን እችላለሁ» የሚል አመልካች የተፈጠረው «ሁሉን የሚችል» በሚል ማስታወቂያ ነው። ለጀማሪ መደብ የሁለት ዓመት ልምድ፣ ለአንድ ደመወዝ የሦስት ሰው ሥራ፣ ለመዝገብ ቤት «ከፍተኛ የአመራር ብቃት» የምንጠይቅ ከሆነ ሰዎች እንዲዋሹ እየጋበዝን ነው። የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ የሚፈልገውን ሰው ስንቀጥር ጽፎ እንዲያሳይ መፈተን የቆየ ልማዳችን ነው። ያንኑ ለሌሎቹ መደቦች እናድርገው። ለሒሳብ ሠራተኛ አንድ የተዘበራረቀ የወር ሒሳብ ስጡትና በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያደርገውን እዩ። ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የአንድ የተቆጣ ደንበኛ ደብዳቤ ስጡት። ከዚያ በኋላ «ታታሪ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ አያስፈልጋችሁምና።

ለወጣቶቹ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሲቪያችሁን አውጡና ማንም ሌላ ሰው ሊጽፈው የሚችለውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ሰርዙ። የሚቀረው ሁለት መስመር ብቻ ቢሆን አትደንግጡ። ሁለቱ መስመሮች የእናንተ ናቸው፤ ሦስተኛውን የት ሄዳችሁ እንደምትሠሩት ማሰብ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ያለ ሥራችሁ ነው፤ በክፍያም ይሁን በነፃ፣ በመደብርም ይሁን በዕድር።

አሁን ጥያቄያችሁን፣ በተለይም የማትስማሙበትን ነገር ልስማ።